ዕፅዋት ለተተከሉበት አኳሪየም መብራት እንዴት ይመረጣል?

ጨው አልባ ውሃ በያዘ አኳሪየም ውስጥ ዕፅዋት ለማሳደግ መብራት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው መብራት ይበልጥ እንደሚያበራ ነው። እኔ ግን ምርጫው ከዕፅዋቱ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ብርሃን በበረታ ቁጥር ተክሉ ለብርሃን አስተጻምሮ የሚሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዕድን አብሮ ይጨምራል፤ ይህን ያላገኘ ተክል እድገቱ ተገትቶ ቅጠሉ ሲዳከም፣ የተረፈው ብርሃን የሚጠቅመው አልጌን ነው።

አኑቢያስን እንውሰድ። ይህ ተክል በትውልድ ቦታው፣ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች ውስጥ፣ በጅረት ዳር በጥላ ሥር የሚበቅል በመሆኑ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይበቃዋል። አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በዝግታ ነው፤ አንዱ ቅጠልም ለብዙ ወራት ስለሚቆይ፣ ከኃይለኛ መብራት ሥር በቅርብ ሲቀመጥ በጣት ቢያሹት በቀላሉ የማይለቅ ጠንካራ አረንጓዴ የአልጌ ነጠብጣብ ይይዘዋል። ጃቫ ፈርንና ክሪፕቶኮሪንም ከዚሁ ወገን ናቸው። በአንጻሩ ወለሉን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍኑ ጥቃቅን ተክሎችና ቀያይ የሮታላ ዝርያዎች ብርቱ ብርሃን ይወዳሉ፤ እነዚህን የመረጠ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ መሣሪያና ሳይቋረጥ የሚጨመር ማዳበሪያ አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ዕፅዋቱ ከተለዩ በኋላ በመብራቱ ማሸጊያ ላይ ወደተጻፉት ቁጥሮች መሄድ ይቻላል። ዋት መብራቱ የሚፈጀውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይገልጽም፤ በፍሎረሰንት ዘመን ይሠራበት የነበረው ዋትን ለውሃው መጠን የማካፈል ስሌትም ለኤልኢዲ አይሆንም። ሉመን መብራቱ የሚሰጠውን ብርሃን ቢለካም፣ የተሰላው ለሰው ዓይን ነው። ዓይናችን አጉልቶ የሚያየው በ555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ሲሆን፣ ዕፅዋት ግን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን፣ በተለይም ቀዩንና ሰማያዊውን፣ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ተገቢው መለኪያ ፓር የሚባለው ነው፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በየሰከንዱ የሚያርፈውን፣ ለተክል የሚጠቅም ብርሃን በማይክሮሞል ይገልጻል። ወለሉ ላይ ሲለካ ከ15 እስከ 30 ያለው ለጥላ ወዳዶቹ ይበቃል፤ ከ30 እስከ 50 ያለው መካከለኛ ነው፤ ከዚያ እየበለጠ በሄደ መጠን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር የግድ እየሆነ ይመጣል። አምራቹ የፓር ሰንጠረዥ ካላቀረበ በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ዝቅተኛ፣ ከ20 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ40 በላይ ከፍተኛ ብሎ በግምት መነሳት ይቻላል፤ 60 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ከ600 እስከ 1200 ሉመን ለአኑቢያስና ለመሰሎቹ በቂ ነው ማለት ነው። ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም ብቻ የሚናገር ሲሆን፣ 6500 አካባቢ ያለው የቀን ብርሃን ስለሚመስል አረንጓዴውን አሳምሮ ያሳያል።

በጠራ ውሃ ውስጥ ብርሃን ወደ ታች ሲወርድ የሚቀንሰው በዋናነት እየተበተነ ስለሚሄድ፣ ገንዳው ጥልቅ በሆነ መጠን ጠንከር ያለ መብራት ያስፈልጋል። ወርዱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀጭን መብራት የፊቱንና የኋላውን ዳር ስለሚያጨልመው፣ መጠነኛ ብርሃን ያላቸውን ሁለት መብራቶች ጎን ለጎን ማድረግ ይሻላል። ተጨማሪ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ነገር፣ በእኔ አመለካከት፣ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዲመር ነው። ዲመር የሌለውን መብራት ከውሃው ከፍ አድርጎ መስቀል ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። መብራቱ እርጥበትና ፍንጣቂ ውሃ እንዲቋቋም የተሠራ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

መብራቱን በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ታይመር ያገናኙለት። አዲስ በተተከለ ገንዳ ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን 6 ሰዓት ማብራት ይበቃል፤ ዕፅዋቱ ሥር ሲሰዱ ቀስ በቀስ ወደ 8 ሰዓት ማድረስ ይቻላል። ግንዱ በቅጠልና በቅጠል መካከል ረዝሞ ከቀጠነና የታችኞቹ ቅጠሎች ከረገፉ፣ ብርሃኑ ማነሱን ይጠርጥሩ። መስታወቱና ቅጠሉ በቶሎ በአልጌ ከተሸፈኑ ደግሞ በቅድሚያ ብርሃኑን ይቀንሱ። በሁለቱም ሁኔታ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡና ሌላውን ከመንካትዎ በፊት 2 ወይም 3 ሳምንት ይጠብቁ፤ የተጎዳው አሮጌ ቅጠል ስለማያገግም፣ ለውጡ የሚታየው አዲስ በሚወጣው ቅጠል ላይ ነው።