የአንድ ስቴት ምርጫ የሕዝብ አስተያየት ጥናት እንዴት እንደሚነበብ

በአሜሪካ የአገረ ገዥ ወይም የሴኔት ምርጫ ሲቃረብ «እገሌ በ3 ነጥብ እየመራ ነው» የሚል ዜና በየሳምንቱ ይወጣል። ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር እንደ ግማሽ ውጤት እንቀበለዋለን፤ ሲሳሳት ደግሞ ጥናት ሁሉ ሐሰት ነው ብለን እንተወዋለን። ሁለቱም አያስኬዱም። ጥናቱን ራሱን ከፍቶ ማንበብ ይሻላል፤ ለዚህም መደመርና መቀነስ ከመቻል ያለፈ እውቀት አያስፈልግም። በምሳሌነት የምንይዘው በኖቬምበር 2024 መጀመሪያ ላይ፣ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በአዮዋ የወጣውን ጥናት ነው፤ ካማላ ሃሪስን 47፣ ዶናልድ ትራምፕን 44 በመቶ አድርጎ ነበር።

በመጀመሪያ ከዜናው ወደ ጥናቱ መግለጫ ይሂዱ። ማን እንዳስጠናው፣ በየትኞቹ ቀናት እንደተካሄደ፣ ስንት ሰው እንደተጠየቀ፣ በስልክ ይሁን በኢንተርኔት፣ የተጠየቁትስ የተመዘገቡ መራጮች በሙሉ ናቸው ወይስ በእርግጥ ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የተገመቱት ብቻ እንደሆኑ ይመልከቱ። የአዮዋው ጥናት የጋዜጣ ጥናት ነበር፤ 808 ድምፅ ሰጪ ይሆናሉ የተባሉ ሰዎችን ጠይቋል። ጥናቱን ያስጠናው የአንዱ ዕጩ የምርጫ ዘመቻ ከሆነ ግን ጥንቃቄዎን ያጥብቁ፤ ዘመቻዎች ብዙ ጊዜ ይፋ የሚያደርጉት የሚጠቅማቸውን ጥናት ነውና።

ቀጥሎ የስሕተት ህዳጉን፣ ማለትም የተጠየቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ በመሆናቸው ቁጥሩ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበትን መጠን፣ ይፈልጉ፤ ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአዮዋው ጥናት ህዳግ ወደላይም ወደታችም 3.4 ነጥብ ነበር። ይህ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዕጩ ድርሻ ለየብቻ የሚሠራ ስለሆነ፣ የሃሪስ 47 እውነተኛ መጠኑ ከ44 ትንሽ ዝቅ ወይም ከ50 ትንሽ ከፍ ያለ ሊሆን ይችል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሲታሰብ ደግሞ ህዳጉ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ምክንያቱም አንዱ ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ጥናት የታየው የ3 ነጥብ ብልጫ ብቻውን ማን እንደሚመራ አያረጋግጥም ነበር።

ከዚያ ሁለቱን ድርሻዎች ደምረው ከ100 ይቀንሱ። 47 እና 44 ሲደመሩ 91 ናቸው፤ የቀሩት 9 ነጥቦች ሌላ ዕጩ የመረጡ፣ ያልወሰኑ ወይም መልስ ያልሰጡ ሰዎች ናቸው። ቀሪው ከብልጫው ከበለጠ፣ ፉክክሩ አልተዘጋም ብለው ያንብቡት።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንለፍ፦ መልስ ያልሰጡት እነማን ናቸው? በአዮዋ ትራምፕ ያሸነፉት በ13 ነጥብ ነው። ጥናቱ ከውጤቱ የራቀው 16 ነጥብ ያህል በመሆኑ፣ ይህን ያህል ርቀት በስሕተት ህዳጉ ማስረዳት አይቻልም። ህዳጉ የሚለካው ናሙና በዕጣ ሲወጣ የሚፈጠረውን መዛባት ብቻ ነው፤ ስልክ የማያነሱ ሰዎች ከሚያነሱት በአመለካከት ቢለዩ ግን የሚለካበት መንገድ የለውም። አጥኚዎች ይህን ለማስተካከል መልሶቹን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በዘርና በትምህርት ደረጃ ይመዝናሉ፤ ማለትም በናሙናው ካላቸው ድርሻ በላይ የበዙትን ወገኖች መልስ ዝቅ፣ ያነሱትን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ። በ2016 በርካታ የስቴት ጥናቶች በትምህርት ደረጃ ስላልመዘኑ፣ ለጥያቄ ፈቃደኛ የሆኑት ኮሌጅ የጨረሱ ሰዎች በናሙናው ውስጥ በዝተው የሂላሪ ክሊንተንን ድርሻ ከፍ አድርገውት ነበር። ስለዚህ መግለጫው ላይ «ትምህርት» የሚለውን ቃል ይፈልጉ።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በሚኒሶታ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከተዋል። ብዙዎቹ ጥናቶች የሚካሄዱት በእንግሊዝኛ፣ ሲጨምሩም በስፓኒሽ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናቶችና አባቶቻችን ዜግነት አግኝተው ድምፅ ቢሰጡም በናሙናው ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ጠባብ ነው። ከ800 ሰው መካከል ስለ አንድ አነስተኛ ቡድን የሚሰጥ ቁጥር ካዩም የተጠየቁትን ብዛት ይጠይቁ፤ 100 ሰው ብቻ ከሆነ ህዳጉ 10 ነጥብ ይጠጋል።

በመቀጠል ጥናቶችን ሰብስበው አማካያቸውን ይውሰዱ። በ2020 በዊስከንሰን አንድ ጥናት ጆ ባይደን በ17 ነጥብ ይመራሉ ብሎ ነበር፤ ያሸነፉት ግን ከ1 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ነው። አማካይ እንዲህ ያለውን ያፈነገጠ ቁጥር ያለዝበዋል። ሆኖም ጥናቶቹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ አማካዩም አብሮ ያዘነብላል። የሚያዘነብልበት ወገንም በየምርጫው ይለያያል፦ በ2022 በፔንሲልቬንያ የሴኔት ፉክክር የመጨረሻዎቹ አማካዮች ሁለቱን ዕጩዎች እኩል ለእኩል ሲያሳዩ፣ ዲሞክራቱ ጆን ፌተርማን በ5 ነጥብ ገደማ አሸንፈዋል።

የስቴቱን ጠባይም ማወቅ ያስፈልጋል። በ2020 በሜይን አብዛኞቹ የመጨረሻ ሳምንታት ጥናቶች በሴኔት ፉክክሩ ዲሞክራቷን ሣራ ጊዲዮንን ቀዳሚ አድርገው ነበር። በዕለቱ ባይደን ስቴቱን በ9 ነጥብ ሲያሸንፉ፣ ሪፐብሊካኗ ሴናተር ሱዛን ኮሊንስም በተመሳሳይ ልዩነት ገደማ መቀመጫቸውን አስጠበቁ። ለፕሬዚዳንት አንዱን ፓርቲ፣ ለሴኔት ሌላውን የሚመርጥ ሕዝብ ያለበትን ስቴት በፕሬዚዳንቱ ፉክክር ብቻ መተንበይ አይቻልም።

በመጨረሻ ያገኙትን በወረቀት ያስፍሩ፦ የጥናቱ ቀን፣ ያስጠናው ወገን፣ የተጠያቂዎች ብዛት፣ የሁለቱ ዕጩዎች ድርሻና ቀሪው። የለውጡን አቅጣጫ ማየት ከፈለጉ አዲሱን ጥናት ያነጻጽሩት ያው ድርጅት ቀደም ሲል ካወጣው ጋር ነው፤ የሁለት ድርጅቶች ቁጥር በአጠናን ስልት ብቻ ሊለያይ ይችላልና። አማካዩ የሚያሳየው ብልጫ 2 ወይም 3 ነጥብ ከሆነ ከሚመራው ዕጩ ስም ጎን «ሁለቱም ሊያሸንፉ ይችላሉ» ብለው ይጻፉ፤ ብልጫው ለሳምንታት ከ10 በላይ ሆኖ ከዘለቀ ብቻ «ቀዳሚ» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ።