ክሎክ ሲቀንስ ታይመር እንዳያሳስታችሁ

ደሴ ሸዋ በር ካለችው ትንሽ የጥገና ሱቄ ለአንዲት ጎረቤቴ የእንቁላል መፈልፈያ ሠርቼላት ነበር። አትሜጋ328ፒ ቺፕ፣ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ምት የሚሰጥ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ በየሁለት ሰዓቱ እንቁላሉን የሚያገላብጥ ሞተር። መብራት ሲጠፋ ቦርዱና ሞተሩ በባትሪ ይቀጥላሉ፤ ሙቀቱን እሷ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን አስገብታ፣ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልላ ትይዘዋለች። የደሴን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል።

ባትሪ ልቆጥብ ብዬ መብራት ሲጠፋ ፕሮሰሰሩ ወደ 1 ሜጋኸርዝ እንዲወርድ አደረግሁ። ታይመሩን ረሳሁት። ሁለት ሰዓቱ ሠላሳ ሁለት ሰዓት ሆነ። መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር እንቁላሉ አንዴም ሳይገላበጥ ያድራል። በ21ኛው ቀን ጎረቤቴ መጥታ «ባትሪህ ሙሉ፣ ቅርጫቴ ባዶ» አለችኝ።

ታይመር ሰዓት አያውቅም፣ ምት ነው የሚቆጥረው፤ ምቱን የሚያገኘውም ከፕሮሰሰሩ ክሎክ ነው። 16,000,000 በፕሪስኬለሩ፣ ማለትም ምቱን ለታይመሩ በሚያሳንሰው አካፋይ፣ 1024 ሲካፈል በሰከንድ 15,625 ምት ይሆናል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚነሣ ኦሲአር1ኤ (OCR1A፣ ታይመሩ እስከ ስንት እንደሚቆጥር የሚጻፍበት የቺፑ ቦታ) ላይ 15,624 እንጽፋለን።

ክሎኩ ሲወርድ ብዙ ሰው የሚሮጠው ኦሲአር1ኤን ሊቀይር ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው አደረግሁ፤ ተዉት። አንደኛ፣ 1,000,000 ለ1024 እኩል አይካፈልም፤ 976.56 ነው። ወደ 977 ብታጠጋጉት በቀን 39 ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ትቀራላችሁ። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ ቆጣሪው 9,000 ላይ ደርሶ ሳለ 976 ብትጽፉበት ቁጥሩን አልፎታልና እስከ መጨረሻው ቁጥር 65,535 ሄዶ ነው የሚመለሰው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ አብሽሩ። ክሎኩ በ16 እጅ ከቀነሰ ፕሪስኬለሩንም በ16 እጅ ቀንሱት፤ 1024 የነበረው 64 ይሁን። 1,000,000 ለ64 ሲካፈል ያው 15,625 ነው። ኦሲአር1ኤ አይነካም፣ የተቆጠረውም አይጠፋም።

መብራት ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኢንተራፕት (ፕሮግራሙን መሃል ላይ የሚያቋርጥ ጥሪ) ዝጉ። ፕሪስኬለሩ የሚመረጥበት ቲሲሲአር1ቢ (TCCR1B) ላይ 8 ጻፉ፤ ታይመሩ ባለበት ይቆማል። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ክሎክ የሚያካፍለው ሲኤልኬፒአር (CLKPR) ላይ 128፣ ወዲያው 4። ቺፑ ሁለተኛውን ቁጥር የሚቀበለው በአራት የክሎክ ምት ውስጥ ብቻ ስለሆነ መሃላቸው ምንም አታስገቡ፤ ኢንተራፕት የተዘጋውም ለዚሁ ነው። የኮምፓይለሩም ኦፕቲማይዜሽን (ኮዱን የሚያፈጥነው ምርጫ) መከፈት አለበት፤ አለዚያ ሊዘገይባችሁና ክሎኩ ሳይቀየር ሊቀር ይችላል። ቀጥሎ ቲሲሲአር1ቢ ላይ 11 ጻፉና ኢንተራፕቱን ክፈቱ። መብራት ሲመጣ በዚሁ ቅደም ተከተል፦ 8፣ 128፣ 0፣ መጨረሻ 13።

በአርዱዊኖ የምትሠሩ፣ ጊዜ የሚለኩት ሚሊስና ዲሌይ (millis, delay) አብረው በ16 እጅ ይዘገያሉ። ከኮምፒውተር ጋር በ9600 ፍጥነት የሚናገረው ሲሪያልም 600 ይሆናል፤ ስክሪኑ ላይ ዝባዝንኬ ካያችሁ ገመዱን አትጠራጠሩ።

ለመሞከር በየሰከንዱ የሚበራና የሚጠፋ ኤልኢዲ አድርጉና ከስልካችሁ ስቶፕዋች ጋር አሥር ደቂቃ አስኪዱት፤ መሃል ላይ ሶኬቱን ደጋግማችሁ ንቀሉ፣ መልሱ። ስትነቅሉት ኤልኢዲው አንድ ደቂቃ ገደማ ዝም ካለ ኦሲአር1ኤን ነክታችሁታል።