ካታሌዝ ለምን እንዲህ ፈጠነ? በሦስት ብርጭቆ የሚታይ ሙከራ

ብረት ብቻውንም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ወደ ውኃና ኦክስጅን ያፈርሳል፤ ግን ያዘግማል። ካታሌዝ የሚባለው ኤንዛይምም (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ሥራውን የሚሠራው በብረት ነው፤ ፍጥነቱ ግን አንዱ ሞለኪውል በሰከንድ ሚሊዮኖችን እስከማፍረስ ይደርሳል። ሁሉም ነገር ያለው በብረቱ አያያዝ ላይ ነው።

ከፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን 3% ፐርኦክሳይድ ግዙ። የፀጉር ቤቱን ጠንካራ አትጠቀሙ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ኤንዛይሙንም ይጎዳል። ካታሌዙን የምናገኝበት ጉበት ከሉካንዳ ይገኛል፤ ሐዋሳ ላላችሁ ደግሞ አሞራ ገደል ዓሣ የሚያጸዱት ከሆድ ዕቃው ለይተው ይሰጧችኋል። ሐሞቱ እንዳይፈነዳ ተጠንቀቁ፣ ጉበቱንም በዚያው ቀን ተጠቀሙበት።

ሦስት ትልልቅ ብርጭቆዎች አዘጋጁና በየአንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ በሲሪንጅ ለክታችሁ ጨምሩ። በአንዱ የዛገ ምስማር፣ በሌላው የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥሬ ጉበት፣ በሦስተኛው 10 ደቂቃ የተቀቀለ እኩል ቁራጭ ይግባ። ሐዋሳ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ኤንዛይሙን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው። ብርጭቆው ሰፊ የሚሆነው በምክንያት ነው፦ 10 ሚሊ ሊትሩ ሙሉ በሙሉ ሲፈርስ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ 130 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ኦክስጅን ይወጣዋል። በምንም ዓይነት አትክደኑት፤ ይፈነዳል።

ምስማሩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ቀስ እያለ ይታያል። ጥሬው ጉበት ወዲያው ይገነፍላል። የተቀቀለው ዝም ይላል፤ ብረቱ ግን አሁንም እዚያው አለ! የጠፋው የፕሮቲኑ ቅርጽ ነው።

ያ ቅርጽ ምን ይሠራ ነበር? ብረቱ ሄም በሚባል ቀለበት መሐል፣ በጠባብ ቦይ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ፐርኦክሳይዱ ሲደርስ ከብረቱ በላይ ያለው ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ ከአንደኛው ኦክስጅን ሃይድሮጅን ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል። በዚህ ቅብብል የሁለቱ ኦክስጅኖች ትስስር ይበጠሳል፤ አንዱ ውኃ ሆኖ ይወጣል፣ ሌላው ብረቱ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ ፐርኦክሳይድ ይመጣና ሃይድሮጅኖቹን ለቀረው ያስረክባል፦ ያ ውኃ ሆኖ ይለቃል፣ መጪው የኦክስጅን ጋዝ ይሆናል። ብረቱ እንደ አዲስ ዝግጁ ነው። በምስማሩ ላይ ይህን የሚያቀባብል የለም።

እንዲህ ከፈጠነ በኋላ ዋናው ጥያቄ ቀጣዩ ፐርኦክሳይድ በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል የሚለው ነው። ይህንንም ማየት ይቻላል። 1 ሚሊ ሊትር ፐርኦክሳይድ በ9 ሚሊ ሊትር ውኃ አቅጥኑና እኩል ጥሬ ጉበት ጨምሩበት፤ አረፋው በግልጽ ይዘገያል። በሌላ ብርጭቆ ደግሞ ፐርኦክሳይዱን ሳታቀጥኑ ጉበቱን በቢላ አድቅቃችሁ ሞክሩ፤ ፐርኦክሳይዱ ብዙ ኤንዛይም በአንዴ ስለሚያገኝ ይፈጥናል።

ጥሬው ካላፈላ ጉበቱን ከመወንጀላችሁ በፊት ጥቂት የዳቦ እርሾ ጣል አድርጉበት። እርሾውም ዝም ካለ ፐርኦክሳይዱ ብርሃን ላይ ቆይቶ ወይም ተከፍቶ ከርሞ ወደ ውኃ ተለውጧል፤ ሌላ ያልተከፈተ ጠርሙስ ግዙ።