ዓባይ በረሃ ላይ የሚጠፋው መኪና

ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭነው አዲስ አበባ የሚወርዱ መኪኖችን የሚከታተል ሶፍትዌር ሠርቻለሁ። ደጀንን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ግን ካርታው ላይ ይዘላሉ። አንዳንዴ ከወንዙ ማዶ ይታዩና ድርግም ይላሉ። ሁለት ሳምንት ኮዱን ስበረብር ከረምኩ። ምንም የለም።

ችግሩ ሰማዩ ነበር። ቦታ ለማስላት ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልጋል። መኪኖቹ ላይ ያለው የእኛ መቀበያ የሚሰማው የአሜሪካውን የሳተላይት ሥርዓት፣ ጂፒኤስን ብቻ ነው። ገደሉ ሰማዩን ሲከልለው ደግሞ ብዙ ጊዜ 3 ብቻ ይቀሩታል።

የሌሎች አገሮችን የሳተላይት ሥርዓቶችም የሚሰማ መቀበያ ገዛሁ። መጀመሪያ የሩሲያውን ግሎናስ ጨመርኩ፤ እምብዛም ለውጥ አላመጣም። አንቴናችን የተሠራው ጂፒኤስ ለሚያሰራጭበት የ1575.42 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነው፤ ግሎናስ ግን 1602 አካባቢ ነው። የአውሮፓው ጋሊሊዮ እዚያው 1575.42 ላይ ስለሚያሰራጭ በነባሩ አንቴና ጥርት ብሎ ገባ። ምርጫዬ እሱ ሆነ።

ከዚያ ጭራሽ ቦታው ጠፋ! ደነገጥኩ። ለካ ሥርዓቶቹ ሲደባለቁ መቀበያው ቦታውን ጽፎ የሚልክበት መስመር የሚጀምርባቸው ፊደላት ከ«ጂፒ» ወደ «ጂኤን» ይቀየራሉ፤ የእኔ ኮድ የሚያነበው «ጂፒ»ን ብቻ ነበር። ሁለቱንም እንዲቀበል አደረግሁት። ትናንት አንዱ መኪና ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን አንዴም ሳይጠፋ ተሻገረ።