«ፍራግራንስ» እና «አሮማ»፦ የቱ የት ይጻፋል?

ሁለቱንም በአማርኛ «መዓዛ» ስለምንላቸው ጅማ ውስጥ የቡና ቅምሻ የሚጀምር ሰው የእንግሊዝኛውን የነጥብ መስጫ ቅጽ ሲሞላ አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋል። በተራው እንግሊዝኛ ፍራግራንስ የአበባና የሽቶ ነው፤ አሮማ ወደ ምግብና መጠጥ ያደላል። ቀማሽ ግን የሚለያቸው በውሃ ነው። ደረቁ ዱቄት የሚሸተው ፍራግራንስ፣ ፍል ውሃ ሲነካው የሚወጣው አሮማ።

ቤትም ታውቁታላችሁ፦ ተወቅጦ ከሙቀጫው የሚሸተው ፍራግራንስ፣ ከጀበናው አፍ በእንፋሎት የሚመጣው አሮማ። (እየተቆላ የሚዞረው ጭስ፣ የቱንም ያህል ቢጥም፣ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።)

ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም የተቆላ ፍሬ መዝኑ፤ ከየናሙናው 5 ኩባያ። እያንዳንዱን ለየብቻ ፍጩ። አብሮ ከተፈጨ አንዲት የተበላሸች ፍሬ አምስቱንም ትበክላለች፤ ጉድለቱ የአንድ ኩባያ ይሁን የሁሉም አይታወቅም። ክደኑና 15 ደቂቃ ሳይሞላ ገልጣችሁ አሽትቱ፤ ፍራግራንስን ያኔውኑ ጻፉ። ከዘገያችሁ ቶሎ የሚተኑት የአበባና የጣፋጭ ሽታዎች በነው ያልቃሉ።

ውሃው 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን ይባላል። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ይህ ማለት ከፈላ በኋላ ማብረድ ነው። ጅማ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ራሱ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንደፈላ ቅዱት። «ትንሽ ይብረድ» ብሎ የሚጠብቅ አሮማው ይደክምበትና በቡናው ያሳብባል።

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት፤ ዱቄቱ ከላይ ቅርፊት ይሠራል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ቅርፊቱን በማንኪያ ስበሩ፣ ሦስት ጊዜ አማስሉ፣ አረፋው በማንኪያው ጀርባ ሲወርድ ቀስ ብላችሁ አሽትቱ። አሮማ የሚባለው ይኸው ነው። ያመለጠው ሰው ያንኑ ኩባያ ደግሞ ቢያማስል አያገኘውም።

ልዩነቱ የሚጎላው ባዶ መሬት ላይ በደረቀ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ነው። ዱቄቱ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸትና ውሃ ሲነካው አፈር አፈር ወይም ሻጋታ ይላል። ፍራፍሬውን ከፍራግራንስ፣ አፈሩን ከአሮማ ጻፉ፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። ቆየት ባለው የ100 ነጥብ ቅጽ ሁለቱ የጋራ ነጥብ ስላላቸው፣ ማስታወሻው ካልተለየ ጉድለቱ የት እንደታየ ይጠፋል።

በማንኪያ ስትምጉ ከአፍ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ሽታ ከሁለቱም አይደለም፤ እሱ «ፍሌቨር» በሚለው ሳጥን ይገባል።