ባክቴሪያ በየት በር ይገባል? ከእትብት መቆረጥ እስከ ትምህርት ቤት

ህፃን ከባክቴሪያ ጋር በብዛት የሚገናኘው በምጥ ሰዓት ነው። በማህፀን በር ሲያልፍ፣ እናቱ ደረት ላይ ሲተኛ፣ ጡት ሲጎርስ ከእሷ ይወርሳል። መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ስለዚህ ቤቱን ከባክቴሪያ ለማጽዳት መታገል አያስፈልግም፤ አይቻልምም። ቁም ነገሩ የትኛው፣ በየት በኩል፣ መቼ ይግባ የሚለው ነው። አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይ ወደ ሽንት ቧንቧ ወይም ወደ ደም ሲሻገር በሽታ ይሆናል። ቆዳ ላይ ዝም ብሎ የሚኖረው ስታፊሎኮከስም በተላጠ ቦታ ሲገባ መግል ይቋጥራል።

የመጀመሪያዋ ሰዓት

ህፃኑ እንደተወለደ በንጹህ ጨርቅ ይደረቅና ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ ይደረግ፤ ሁለቱም ከላይ ይሸፈኑ። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ጠብቁ። ቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳውን ከተህዋስያን ይከላከልለታል። ቶሎ የታጠበ ህፃን ደግሞ ይበርደዋል፣ የበረደው ህፃን ጡት ለመሳብ ይደክማል፣ ያልጠባ ህፃን በኢንፌክሽን ቶሎ ይሸነፋል። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በዚያው ሰዓት ይቀባል፤ ከማህፀን በር የሚመጣው የጨብጥ ባክቴሪያ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ነው።

ጡት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመር። ቢጫና ወፍራም የሆነው እንገር ታልቦ የሚጣል ነገር አይደለም። የህፃኑን አንጀት እንደ ሽፋን ሆነው የሚጠብቁ ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት ያሉት እሱ ውስጥ ነው። የእናት ወተት ውስጥ ደግሞ ህፃኑ ራሱ ሊፈጫቸው የማይችል የስኳር ዓይነቶች አሉ። ለማን ተዘጋጁ ቢባል፣ ቢፊዶባክቴሪየም ለሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ነው። እሱ ስኳሩን እየበላ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተህዋስያን ቦታ ያሳጣቸዋል። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ አብሽ ማጠጣት ይህን አሰፋፈር ያበላሻል፤ ከእጅና ከዕቃ የመጣ ባክቴሪያም ቀድሞ እንዲገባ በር ይከፍታል።

በኦፕራሲዮን የተወለደ ህፃን ሲጀምር ከእናቱ አንጀት የሚወርሰው ባክቴሪያ ያንሳል። ልዩነቱ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። እናትየዋ እንደነቃች ከቆዳዋ ጋር ማገናኘትና ጡት ማስጀመር ይበቃል። የማህፀን ፈሳሽ በጨርቅ ወስዶ ህፃኑን መቀባት የሚል ወሬ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አታድርጉት፣ በሽታም አብሮ ሊተላለፍ ይችላል።

እትብት

ከአራስ በሮች ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። የተቆረጠው እትብት ደም የማይደርሰው፣ እየሞተ ያለ ሥጋ ነው፤ ኦክስጅን የለውም። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ የሚመኘው ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ዘሩ አፈርና እበት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ ምላጭን ለአፍታ ማፍላት አይገድለውም። እትብቱ ላይ እበት፣ ቅቤ፣ አመድ ወይም ቅጠል ሲደረግ ዘሩ ገብቶ ይነቃል። ገዳዩ ባክቴሪያው ራሱ ሳይሆን የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ መርዙ ነርቭ ይዞ ጡንቻን ያኮማትራል። ስለዚህ እትብቱ ምንም ቁስል ሳያሳይ ህፃኑ ሊታመም ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በደንብ ይጠባል፤ ከዚያ በ3ኛውና በ28ኛው ቀን መካከል አፉ አልከፈት ይላል፣ ሲነኩት ይገታተራል። ይህን የሚከላከለው እናት በእርግዝና ጊዜ የምትወስደው ክትባት እና ንጹህ መቁረጫ ነው።

ጤና ጣቢያ 4 ከመቶ የክሎርሄክሲዲን ጄል (ተህዋስያን የሚገድል ቅባት) ከሰጣችሁ አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በጥፍር ስር ያለውንም።
ጄሉን እትብቱ ጫፍ ላይ፣ ከዚያ ግንዱ ላይ፣ ከዚያ ከሆድ ጋር የሚገናኝበት ሥር ዙሪያ አድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሥሩ ነው፤ ኢንፌክሽን የሚጀምረውም እዚያ ነው።
በንጹህ ጣት አዳርሱት፣ ትንሽ እስኪደርቅ ሳትሸፍኑ ተዉት።
ዳይፐሩን ወይም ጨርቁን ከእትብቱ በታች እጠፉት፤ ሽንት እንዳይነካው።
በቀን አንድ ጊዜ፣ የተነገራችሁን ያህል ቀን፤ በተለምዶ ለመጀመሪያው ሳምንት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የዚህ ጄል ቱቦና የዓይን ቅባት ቱቦ ይመሳሰላሉ። በስህተት ዓይን ውስጥ ገብቶ ህፃናትን የጎዳበት አጋጣሚ በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተመዝግቧል። ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጡ፣ በጨለማ አትቀቡ። ዓይን ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹህ ውሃ አጥባችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ጄሉ ካልተሰጣችሁ እትብቱን ደረቅና ባዶ ተዉት፤ አልኮልም ሆነ ዱቄት አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። ሊወድቅ ሲል ትንሽ ማጣበቅና አንድ ሁለት ጠብታ ደም ያለ ነው። ቅላቱ ከእትብቱ አልፎ ወደ ሆድ ቆዳ ከተስፋፋ፣ መግል ካለው ወይም መጥፎ ጠረን ካመጣ ግን የዚያኑ ቀን ያስኬዳል።

ጡጦ፣ ገንፎና ሰዓት

ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ሌላ ምንም፣ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጠላታችሁ ሰዓት ነው። ኢ. ኮላይ በተመቸው ሙቀት በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። በጠዋቱ 2 ሰዓት ገንፎው ውስጥ የገባ አንድ ባክቴሪያ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት በዚህ ስሌት ከሁለት ሚሊዮን ያልፋል። አንድ ጊዜ አብስሎ ሙሉ ቀን ማብላት የተለመደ ነው፤ ልጁን ተቅማጥ የሚያሲዘውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ የቆየውን አትስጡ። «መልሼ አሞቀዋለሁ» የሚለው ሁልጊዜ አያድንም፤ ከአብሳዩ ጣት የሚመጣው ስታፊሎኮከስ ምግቡ ውስጥ የሚተወው መርዝ በማሞቅ አይጠፋምና ባክቴሪያው ሞቶም መርዙ ያስመልሳል።

ጡጦን ማጽዳት ከባድ ነው፤ ጡቱ ውስጥና ክዳኑ ጥርስ ላይ የወተት ቅሪት ይደብቃል። የታለበ ወተት ወይም ፎርሙላ ከሰጣችሁ ክፍት ኩባያና ማንኪያ ይሻላል። የዱቄት ወተት ደግሞ ታሽጎ ቢመጣም ከባክቴሪያ ነጻ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባለው አንዳንዴ ዱቄቱ ውስጥ ይኖራልና ውሃው ሲበጠበጥ ከ70 ዲግሪ በታች መሆን የለበትም፦ አፍልታችሁ ካወረዳችሁ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳትቆዩ በጥብጡት፣ ከዚያ አቀዝቅዙት። ከተዘጋጀ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጠጣው ይደፋ። የታለበ የእናት ወተት ንጹህ ዕቃ ውስጥ ሆኖ በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ማር ከአንድ ዓመት በፊት ፈጽሞ አይሰጥም፤ «ለጉንፋን» ተብሎም ቢሆን። ቦቱሊዝም የሚባለውን ጡንቻ የሚያዝል በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ነዋሪ ባክቴሪያዎቹ አያስበቅሉትም፤ የጨቅላው አንጀት ግን ገና አልሞላምና ይበቅላል፣ ህፃኑ ይዝለፈለፋል።

እርጎ ለህፃን ካሰባችሁ ከጥሬ ወተት የረጋውን ተዉት። ወተቱን አፍልታችሁ ለብ ሲል ከጥሩ እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምሩበትና በንጹህ ዕቃ አርጉት። እንጀራ በእርሾ ይቦካልና «የአንጀት ባክቴሪያ ይሰጣል» የሚሉም አሉ። ምጣዱ ላይ ባክቴሪያው ይሞታል፤ የእንጀራ ጥቅሙ ሌላ ነው።

ጨቅላ ሲታመም

ከሁለት ወር በታች ያለ ህፃን ኢንፌክሽን ደሙ ውስጥ ሲገባ እንደ ትልቅ ሰው በትኩሳት ላይናገር ይችላል፤ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ጡት መጥባት ካቆመ ወይም ከደከመ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ ሌሊትም ቢሆን ይኬድ። ትንፋሹን ስትቆጥሩ ሰዓት ይዛችሁ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ጨቅላ ትንፋሹ ስለሚዛባ በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ከደገመ ህክምና ይፈልጋል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ወሰኑ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ነው። በመንገድ ላይ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አሙቁት፤ ከጠባም አጥቡት።

አንቲባዮቲክ

አንቲባዮቲክ ወዳጅና ጠላት አይለይም። የሳንባ ምችን ባክቴሪያ ሲገድል አንጀት ውስጥ ያሉትንም ያሳሳል፤ መድኃኒቱ ሲጀመር ሰገራው የሚቀጥነው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ሲያስፈልግ ሕይወት ያድናል። ለጉንፋን ግን ጉዳቱን ብቻ ትሸከማላችሁ፤ ጉንፋን የቫይረስ ነውና።

የዱቄት ሽሮፕ ከተሰጣችሁ ጠርሙሱን አራግፋችሁ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በሁለት ጊዜ እስከ ምልክቱ ጨምሩ። አረፋው ሲወርድ ደረጃው ዝቅ ይላል፤ እንደገና ሙሉት። ባልተወዘወዘ ጠርሙስ የመጀመሪያዎቹ መጠኖች ውሃ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከልክ ያለፉ ይሆናሉ። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ለኩ። ከዋጠ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው ድገሙት። የተረፈውን ለታናሹ ማስቀመጥ የለም።

ውሃ ለሚመስል ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ እንደ ከረጢቱ ጽሑፍ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጥ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ስጡት። ዚንክ ከስድስት ወር በታች 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን ለ10 ቀናት፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ደም ካለበት ግን ሐኪም ይየው። «ጥርስ ነው» ብሎ ግግ ማስወጣት ድድ ላይ ሌላ በር መክፈት ነው።

ትንሽ ከፍ ሲል

የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት ክትባቶች ትክትክን፣ ዘጊ አንዳን፣ መንጋጋ ቆልፍን እና ለሳንባ ምችና ለማጅራት ገትር ዋና ምክንያት የሆኑ ባክቴሪያዎችን ይከላከላሉ። ትራኮማ ባለበት አካባቢ ፊት በየቀኑ ይታጠብ፤ ዝንቡ የሚመጣው ለዓይንና ለአፍንጫ ፈሳሽ ነው፣ ዓይን የሚያጠፋውም አንዱ ኢንፌክሽን ሳይሆን ለዓመታት መደጋገሙ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያም አብዛኛው ሰው የሚያገኘው በልጅነቱ፣ ከቤተሰብ ነው፤ ቁስሉ የሚወጣው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ከ5 እስከ 15 ዓመት ላሉት ቶንሲል በቀላሉ አይታይ። ሳልና ንፍጥ ካለው፣ ድምፁ ከጎረነነ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው። በድንገት ጀምሮ ትኩሳት ካለው፣ ሳል ከሌለው፣ የአንገቱ እጢ አብጦ ከታመመና ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየ ግን ስትሬፕቶኮከስ ሊሆን ይችላል። ሰውነት ይህን ባክቴሪያ ለመዋጋት የሚያዘጋጀው መሣሪያ አንዳንዴ የልብን በሮች ስቶ ይመታል፤ የጉሮሮ ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ልብ ይታመማል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ይህ ይከለከላል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያወጣም፤ ደም መፍሰስና አዲስ ቁስል ብቻ ያመጣል። ልቡ ተነክቷል የተባለ ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወስዳል፤ ደህና ስለሆነ ብሎ ማቋረጥ የለም። ቀጠሮው ካለፈም እስከሚቀጥለው ወር አይጠበቅም፤ በማግስቱ ሄዶ መወጋት ነው።