«ኒዮሊበራል» ከማለታችሁ በፊት

ኢኮኖሚክስ ሳስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ይሄ መሪ ኒዮሊበራል ነው» ካለኝ፣ «ምን ስላደረገ?» እለዋለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ለሀብታም ስለሚያዳላ» ነው። ይሄ አይበቃም። ቃሉ ስድብ ብቻ ሆኖ ሲቀር ያመኛል፤ ምክንያቱም የሚጠቁመው ነገር በእውን አለ፤ ችግርን በገበያና በፉክክር ለመፍታት የሚያዘነብል አመራር ማለት ነው።

መጀመሪያ የፓርቲውን ስም እርሱት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቀኝ ዘመም ነበሩ፤ ግን በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዋጋና ደመወዝ ለ90 ቀን ባለበት እንዲቆም አዘዙ። ይህ የኒዮሊበራል ተቃራኒ ነው። በአንጻሩ ከ1984 ጀምሮ የኒውዚላንድን ድጎማ የቆራረጠውና ገበያውን የከፈተው ግራ ዘመም የሚባለው የሌበር (የሠራተኛ) ፓርቲ መንግሥት ነው።

ከዚያ ንግግሩን ትታችሁ አዋጁንና በጀቱን አንብቡ። የመንግሥት ድርጅት ተሸጠ? የዋጋ ቁጥጥር ተነሳ? ቀረጥ ወረደ? የሀብታሙ ግብርስ? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ሥልጣን ሲይዙ 70 በመቶ የነበረው ከፍተኛው የገቢ ግብር፣ ሲወጡ 28 ነበር። ግን አንዱን ምልክት ብቻ አግኝታችሁ አትቸኩሉ። ግብር የቀነሰ ሁሉ ኒዮሊበራል አይደለም።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጣዩን ነው። ኒዮሊበራል ማለት «መንግሥት እጁን ይሰብስብ» የሚል ብቻ ይመስለዋል። የእንግሊዝና የዌልስን ውሃ እዩ። በ1989 የጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር መንግሥት 10 የውሃ ድርጅቶችን ሸጠ። ግን ወደ ቤት የሚገባው ቧንቧ አንድ ነው፤ ደንበኛው ውሃው ቢመረው ወደ ሌላ ሻጭ አይሄድም። ስለዚህ መንግሥት የድርጅቶቹን ዕዳ ሰረዘ፣ አክሲዮናቸውን ለሕዝብ አቀረበ፣ የዋጋ ጣሪያ የሚወስን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም አቋቋመ። ገበያ ባልነበረበት ቦታ ገበያ የሚመስል ነገር በሕግ ሠራ ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ይሄ ነው፤ መንግሥት አልሸሸም፣ ሥራውን ቀየረ እንጂ።

ስለ ፖሊሲው ሳይሆን ስለ ሰውየው ለመፍረድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዓመታት ወስዳችሁ ተከታተሉት። ችግር ሲገጥመው ቶሎ ወዴት ይዞራል? የሆስፒታል ወረፋ ሲረዝም ሐኪም ይጨምራል ወይስ ሆስፒታሎቹን እርስ በርስ ያፎካክራል? ትምህርት ቤት ሲደክምስ? የቺሊ ወታደራዊ መንግሥት በ1981 መንግሥት ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ገንዘብ ተማሪውን እንዲከተል አደረገ። ተማሪ የሸሸው ትምህርት ቤት ገንዘቡም ሸሸው። የእናንተ ሰው ለየችግሩ ደጋግሞ ወደዚህ ዓይነት መፍትሔ የሚሄድ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቃሉን ሳትፈሩ ተጠቀሙበት።